ከእናት ቤት ጀርባ

ኮንትራክተሩ የሜትሩን ጫፍ ከአጥሩ ሥር አስይዞ እስከ ቤቱ የኋላ ግድግዳ ሳበና ልኩን ጮክ ብሎ ነገረን። ልጅቱ ስልኳ ላይ ጻፈች። እናትየው ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው ከበረንዳው ሆነው ሲመለከቱ ቆዩና፣ «እንግዲህ ባንድ ግቢ ሁለት ቤት ልታቆሙ ነው?» አሉ።

«አዎ እማዬ።»

«ኋላ ትርፍ ቤት ነው ብለው ቢወስዱትስ?»

ኮንትራክተሩ ሳቀ። ወጣት ነው፤ ደርግን የሚያውቀው በወሬ ነው። ልጅቱ ግን አልሳቀችም። የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. ሲታወጅ እናቷ ገና ወጣት ነበሩ። አባታቸው አዲስ አበባ ውስጥ ከዋናው ቤት ጀርባ ሁለት ክፍል ሠርተው ያከራዩ ነበር። አዋጁ ለቤተሰቡ አንድ መኖሪያ ትቶ የቀረውን ወሰደ። ከሃምሳ ዓመት በኋላ፣ ባሕር ማዶም ቢሆን፣ ባንድ ይዞታ ላይ የሚቆም ሁለተኛ ቤት ለእሳቸው አሁንም ዓይን ውስጥ የሚያስገባ ነገር ነው።

ግቢው ያለው በደቡብ ምሥራቅ ሲያትል፣ ሬኒየር ቫሊ ውስጥ ነው። ቀደም ሲል ሴንትራል ዲስትሪክት በሚባለው ሰፈር ተሰባስቦ የነበረው ኢትዮጵያዊ ወገን ኑሮው ሲወደድበት ብዙው ወደዚህ ወረደ። በ2009 የቀላል ባቡሩ መስመር ሸለቆውን አቋርጦ ሥራ ሲጀምር ደግሞ እዚህም የቦታ ዋጋ ባቡሩን ተከትሎ ወጣ፤ የዘገየው ወደ ቱክዊላና ወደ ኬንት ተገፋ። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶችና ቀኖች፣ ዓ.ም. ካላልኩ በቀር፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) እናትየውና ሟች ባላቸው ይህን ቤት የገዙት ዋጋው ሳይሰቀል ነው። ልጃቸው ኬንት ተከራይታ ከባሏና ከሁለት ልጆቿ ጋር ትኖራለች፤ እናቷን ለማየት በሳምንት ብዙ ቀን ትመላለሳለች። በአሁኑ ዋጋ እዚህ ሰፈር ቤት የመግዛት አቅም የላትም። ከእናቷ ቤት ጀርባ ያለው ሣር ግን በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ ከሚነሣበት የጥብስ ጭስ በቀር ለምንም አያገለግልም።

ልጅ ሲዳር ከወላጆቹ ቤት አጠገብ ጎጆ መቀለስ ለእኛ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። ለአሜሪካ ከተሞች ግን ለረጅም ዘመን የተከለከለ ነገር ነበር። በአብዛኛው የመኖሪያ ሰፈር የሚፈቀደው ባንድ ቦታ አንድ ቤት ብቻ ነበር። የዋሽንግተን ግዛት ከ20,000 በላይ ሕዝብ ያላቸው ከተሞች ተጨማሪ መኖሪያ እንዲፈቅዱ በ1993 አዘዘ። ሲያትል በዓመቱ የፈቀደችው ግን ከዋናው ቤት ጋር የተያያዘውን፣ ምድር ቤቱን ወይም ጣሪያ ሥር ያለውን ክፍል ነው። ለብቻው የሚቆም የጓሮ ቤት በ2006 በሙከራ ተፈቀደ፤ የሙከራው ቦታም ይኸው ደቡብ ምሥራቅ ሲያትል ነበር። በ2009 መጨረሻ ወደ ከተማው ሁሉ ሰፋ። ብዙ ሰው ግን አልሠራም፤ ከፈቃዱ ጋር የመጡት ግዴታዎች የማያፈናፍኑ ነበሩ። የመኪና ማቆሚያ ማዘጋጀት ያስፈልግ ነበር። ባለቤቱም በዓመት ቢያንስ ስድስት ወር ከሁለቱ ባንዱ ቤት መኖር ነበረበት። የሲያትልን ዝናብና ጨለማ ሸሽተው ከጥቅምት እስከ ፋሲካ አዲስ አበባ የሚከርሙ ጡረተኞች በዚህ ሕግ ልጃቸውን ጓሮ አስቀምጠው የፊቱን ቤት ቢያከራዩ ጥፋተኛ ነበሩ ማለት ነው።

የምክር ቤቱ አባል ማይክ ኦብራያን ግዴታዎቹ እንዲላሉ ሐሳብ ሲያቀርቡ፣ በ2016 ክዊን አን የተባለው ባለጸጋ ሰፈር የነዋሪዎች ምክር ቤት ይግባኝ አለ። ሰሚው ባለሥልጣን ከተማዋ ሙሉ የአካባቢ ተፅዕኖ ጥናት እንድታደርግ ወሰነ፤ ጥናቱ በጥቅምት 2018 ወጣ፤ በእሱም ላይ እንደገና ይግባኝ ተባለና ከተማዋ ረታች። የከተማው ምክር ቤት ሕጉን ያጸደቀው ሐምሌ 1 ቀን 2019 ነው። ሙከራው የተጀመረው በሬኒየር ቫሊ ጓሮ ነበር፤ ግዴታዎቹ ይላሉ ሲባል ግን የክዊን አን ይግባኝ ሦስት ዓመት አስፈጀ። አንባቢ የመሰለውን ይበል።

የ2019ኙ ሕግ ባንድ ቦታ ሁለት ተጨማሪ መኖሪያ ፈቀደ፤ የባለቤቱን የመኖር ግዴታና የመኪና ማቆሚያውን አነሣ፤ የጓሮውን ቤት ስፋት እስከ 1,000 ስኩዌር ፊት፣ ማለትም እስከ 93 ካሬ ድረስ አደረሰው። በ2023 ደግሞ ግዛቱ ራሱ 1337 በተባለው ሕግ ለከተሞች ወሰን አበጀላቸው፤ ከሁለት በታች መፍቀድ አይችሉም፤ ከፍታውን ከ24 ጫማ (ከ7 ሜትር ትንሽ ከፍ ይላል) በታች መገደብ አይችሉም፤ ባለቤቱ ካልኖረበት ማለት አይችሉም። በዚያው ዓመት የወጣው 1110 የተባለው ሕግ እንደ ሲያትል ያሉ ትልልቅ ከተሞች በአንድ የመኖሪያ ቦታ ቢያንስ አራት ቤት እንዲፈቅዱ ያስገድዳል። እናትየው ይህን ሲሰሙ፣ «አራት?» ብለው ጓሮውን ባዲስ ዓይን አዩት።

ልጅቱ የከተማው ግንባታ ቢሮ ከእናቷ ጋር ስላላት ዝምድና ይጠይቀኛል ብላ የልደት ወረቀቷን ሁሉ አዘጋጅታ ነበር። ማንም አልጠየቃትም። ሕጉ ጓሮ የሚገባው ልጅ ይሁን አማች ወይም ባዕድ ግድ የለውም። ግድ የሚሰጠው ፍሳሹ በየት ይወርዳል፣ እሳት ቢነሣ ወዴት ይዛመታል፣ ዛፉ ምን ይሆናል የሚለው ነው። እኔ ይህን መጀመሪያ ደረቅ ቢሮክራሲ ብዬ ነበር የወሰድኩት። ነገሩን እየተከታተልኩ ስሄድ ግን ቢሮው ከቤተሰቡ ይልቅ ሥራውን በቅጡ የያዘ ሆኖ አገኘሁት፤ ወደ ምክንያቱ በኋላ እመለሳለሁ።

በፍሳሹ እንጀምር፤ ብዙ የጓሮ ቤት ሕልም የሚሰናከለው እዚያ ላይ ነውና። በሲያትል ከቤት ተነሥቶ መንገድ ሥር ካለው ዋና መስመር የሚገናኘው ቱቦ የባለቤቱ ንብረት ነው፤ ቢፈነዳም የሚጠግነው እሱ ነው። በአሮጌ ሰፈር ያሉት ብዙዎቹ ቱቦዎች የሸክላ ወይም የሲሚንቶ ናቸው፤ መገጣጠሚያቸውን የዛፍ ሥር ሰብሮ ይገባል። አንዳንዱ መስመር ደግሞ በጎረቤት ግቢ አቋርጦ ያልፋል፤ ባለቤቱ ይህን የሚያውቀው ከተማው ያስቀመጠውን የመስመሩን ንድፍ ሲያወጣ ነው። ኮንትራክተሩ ምንም ሥዕል ከመሣሉ በፊት ካሜራ ያለው ረጅም ገመድ ቱቦው ውስጥ ሰደደ። በስክሪኑ ላይ ጭቃማ ዋሻ እያየን ሄድን፤ አንድ ቦታ ላይ ፀጉር የመሰለ ሥር መንገዱን ግማሽ ዘግቶታል።

«ይኼ መለወጥ አለበት» አለ።

«ስንት ያስወጣል?» አለች ልጅቱ።

«እሱን ቁጭ ብለን እናወራዋለን» አለ፤ ይህ መልስ ከማንኛውም ቁጥር ይልቅ አስደነገጣት።

የቱቦው ዕድሜ ብቻ አይደለም ችግሩ። ፍሳሽ የሚሄደው በራሱ ክብደት ስለሆነ፣ የተለመደው አራት ኢንች ቱቦ በየአንዱ ጫማ ሩብ ኢንች፣ ማለትም ከመቶ ሁለት እጅ ያህል ማዘንበል ይኖርበታል። ጓሮው ከመንገዱ ዝቅ ያለ ከሆነ ውኃው ሽቅብ አይወጣም፤ ፓምፕ ይገባል፤ ፓምፕ ደግሞ መብራት ሲጠፋ ይቆማል። የዚህ ቤተሰብ ጓሮ ለዕድላቸው ከመንገዱ ትንሽ ከፍ ይላል። ከዚህ ሌላ ሲያትል ያለችበት ኪንግ ካውንቲ ከፍሳሽ ማጣሪያው ጋር አዲስ የተገናኘን መኖሪያ ሁሉ ለ15 ዓመት የሚዘልቅ ክፍያ ያስከፍላል። ለጓሮ ቤት መጠኑ ዝቅ ይላል እንጂ አይቀርም፤ ሰዎች በጀታቸውን ሲያወጡ ከሚረሷቸው ነገሮች የመጀመሪያው ይኸው ነው።

እናትየውን የቱቦው ነገር ብዙም አላሳሰባቸውም። እሳቸው የተሟገቱት ስለ መስኮት ነው። የልጃቸው ማድ ቤት መስኮት ከሳቸው ማድ ቤት መስኮት ፊት ለፊት እንዲሆን ፈለጉ፤ ቡና ሲፈላ በስልክ መጥራት አይወዱም። ቤቱም ቀረብ ይበል፣ በዝናብ እንዳይመላለሱ። ኮንትራክተሩ ወረቀት አወጣና አንድ መስመር ሠርቶ ያስረዳቸው ጀመር።

የግንባታ ሕጉ ባንድ ግቢ በቆሙ ሁለት ቤቶች መካከል በዓይን የማይታይ ወሰን እንዳለ አድርጎ ይቆጥራል። የእያንዳንዱ ቤት ግድግዳ ከዚያ ወሰን ቢያንስ 5 ጫማ፣ አንድ ሜትር ተኩል፣ መራቅ አለበት፤ ካልራቀ ግድግዳው ለአንድ ሰዓት እሳት የሚቋቋም ሆኖ መሠራት ይኖርበታል። ርቀቱ ከ3 ጫማ ሲያንስ መስኮት ጭራሽ አይፈቀድም። በ3ና በ5 ጫማ መካከል ከግድግዳው ሩቡን ብቻ መክፈት ይቻላል። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ እንጨት ቤት ሲቃጠል ሙቀቱ በመጀመሪያ የጎረቤቱን መስታወት ይሰብራል፤ ከዚያ መጋረጃው ይቀጣጠላል። በአገራችን የጭቃ ወይም የብሎኬት ግድግዳ ለለመደ ሰው ይህ የተጋነነ ይመስላል። የሲያትል ቤቶች ግን አጥንታቸው እንጨት ነው።

«እንግዲያው ስንት እንራቅ?» አሉ እናትየው።

«አሥር ጫማ ብንተው መስኮቱንም እንደፈለግን፣ ግድግዳውንም ያለ ተጨማሪ ወጪ እንሠራዋለን፣ እማማ።»

«አሥር ጫማ ስንት ነው?»

ተራምዶ አሳያቸው። አራት እርምጃ። «ይሁን፣ ድምፄ ይደርሳል» አሉ።

መኝታ ቤቶቹም የራሳቸው ሕግ አላቸው። እያንዳንዱ ወደ ውጭ የሚከፈት፣ ሰው የሚያሾልክ መስኮት ያስፈልገዋል፤ የክፍቱ ስፋት ከ5.7 ስኩዌር ፊት እንዳያንስ፣ የመስኮቱ ደፍ ከወለል ከ44 ኢንች፣ ከአንድ ሜትር ከ12፣ እንዳይበልጥ። ልኩ የተመጠነው የተኛው ሰው እንዲወጣበት ብቻ ሳይሆን የእሳት አደጋ ሠራተኛ ከነዕቃው እንዲገባበትም ጭምር ነው። የጭስ ማስጠንቀቂያ በየመኝታ ቤቱና ከመኝታ ቤቱ ውጭ ይተከላል፤ እርስ በርስ የተያያዘ ስለሆነ አንዱ ሲጮኽ ሁሉም ይጮኻል። የዕጣን ነገር እዚህ ጋ ተነሣ። ኮንትራክተሩ ልምድ አለው፤ ሳሎኑ ላይ ጠንካራ ማራገቢያ እንዲገባ መከረ። ለምጣዱም ለብቻው መስመር ተዘረጋለት፤ ከአገር ቤት የሚመጣው ምጣድ 220 ቮልት ነው፣ ከተራው የአሜሪካ ሶኬት ጋር አይስማማም፤ ስለዚህ የኤሌክትሪኩ ጭነት ሲሰላ ምጣዱ ከልብስ ማድረቂያው እኩል ተቆጠረ።

የጓሮው ጥግ ላይ የቆመው ትልቅ የሴዳር ዛፍ ፈቃዱን አዘገየው። ከተማዋ በ2023 ባጠበቀችው የዛፍ ጥበቃ ደንብ፣ ግንዱ 24 ኢንች፣ ወደ 61 ሴንቲ ሜትር፣ የደረሰ ዛፍ እንደልብ አይቆረጥም፤ ሥሩ በተዘረጋበት መሬት ላይ መቆፈርም ቁጥጥር አለበት። ቤቱ ሁለት ጫማ ወደ ጎን ተገፋ። ስለዚህ ነገር ከዚህ በላይ የምለው የለም፤ ዛፉ ያምራል።

ሥዕሉን በተመለከተ ቤተሰቡ አርክቴክት አልቀጠረም። ሲያትል ከ2020 ጀምሮ አስቀድማ ያጸደቀቻቸው የጓሮ ቤት ንድፎች አሏት፤ ከእነሱ አንዱን የመረጠ ሰው ሥዕሉ ከባዶ ተነሥቶ አይመረመርበትም። የሚመረመረው ቦታው፣ ፍሳሹና ዛፉ ነው። ንድፉ እንደ ጥብቅ ልብስ ነው፤ ከተመቸ ይመቻል፣ ካልተመቸ ማስፋት አይቻልም። እናትየው ለእንግዳ የሚሆን ሰፊ ሳሎን ፈልገው ነበር፤ አላገኙም።

እስከዚህ ያለው ሁሉ፣ ቢያስለፋም፣ መልስ ያለው ነገር ነው። ደንቡ ተጽፏል፤ የጠየቀ ያገኛል። ቤተሰቡን የፈተነው ደንቡ ዝም ያለበት ቦታ ነው፤ ቤቱ የማን ነው?

ልጅቱና ባሏ ያጠራቀሙትንና የተበደሩትን፣ በመቶ ሺህዎች የሚቆጠር ዶላር፣ ሊያወጡ ነው። በልጅቱ አእምሮ ነገሩ ያለቀ ነው፤ እኔ ሠራሁት፣ የኔ ነው። ይህን የምታስበው ያለ ምክንያት አይደለም። በኢትዮጵያ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ ሰው የሚይዘው፣ የሚሸጠውና የሚያወርሰው ቤቱን ነው፤ ቤትና መሬት ተለያይተው ይታሰባሉ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም በአንቀጽ 1179 ባለመሬቱ ሳይቃወም በሰው መሬት ላይ ቤት የሠራ ሰው የቤቱ ባለቤት እንደሚሆን ይደነግጋል፤ በወላጅ ግቢ የሠራ ልጅ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሲደርስ ከሚያነሣቸው አንቀጾች አንዱ ይኸው ነው። በአሜሪካ ግን ቤት መሬቱን ይከተላል። መሬት ላይ ተተክሎ የቆመ ሕንፃ የመሬቱ አካል ነው፤ ሌላ ውል ከሌለ የሰነዱ ባለቤት የቤቱም ባለቤት ነው። ልጅቱ የመጨረሻውን ምስማር በመታች ቀን፣ በሕግ ዓይን ለእናቷ ቤት ሠርታ አስረከበች ማለት ነው።

ሚኒያፖሊስ የሚኖር ታናሽ ወንድም አለ። ለእህቱ ክፉ አያስብም። ግን እናትየው ኑዛዜ ሳይተዉ ቢያልፉ የዋሽንግተን ሕግ ርስቱን ለሁለቱ ልጆች እኩል ያካፍላል፤ የጓሮው ቤትም ከርስቱ ውስጥ ይቆጠራል። ወንድምየው አንድ ሳንቲም ያላወጣበት ቤት ግማሽ ባለቤት ይሆናል፤ ሚስት አለችው፣ ዕዳ አለበት፣ ሰው ነው። ይህን በስልክ ሲያነሡት ሦስቱም ደበራቸው። እናትየው «እኔ ሳልሞት ቀብሬን ታሰላላችሁ?» ብለው ስልኩን ዘጉ። ለሁለት ሳምንት ያህል ስለ ቤቱ ማንም አላነሣም።

ይህን ዓይነቱን ዝምታ በብዙ ቤት አይቼዋለሁ። ገንዘብ ሲዋጣ ይሉኝታ ይበረታል፤ ከእናት ጋር መፈራረም ነውር ይመስላል። ቢሮው ግን ይሉኝታ የለውም፤ እናትና ልጅ ስለሆናችሁ እሳቱ ይራራላችኋል ብሎ አሥሩን ጫማ አልቀነሰላቸውም። ገንዘቡንም በዚሁ መንገድ፣ ማዶና ማዶ እንዳሉ ሁለት ጎረቤቶች ሆነው ማየት ይኖርባቸው ነበር።

በመጨረሻ ወደ ጠበቃ የወሰዷቸው ራሳቸው እናትየው ናቸው። ጠበቃዋ ያቀረበችላቸው ምርጫ ከጠበቁት በላይ ሰፊ ሆነ። እናትየው ኑዛዜ መጻፍ ይችላሉ። ወይም ግዛቱ ከ2014 ጀምሮ በሚፈቅደው ሰነድ፣ ቤቱ እሳቸው ሲያልፉ በቀጥታ ለሚጠቅሱት ሰው እንዲተላለፍ አሁኑኑ በካውንቲው ማስመዝገብ ይችላሉ፤ በሕይወት እስካሉ ሐሳባቸውን ቢለውጡ መሠረዝ ይፈቀድላቸዋል። ልጅቱ ያወጣችውን ገንዘብ እንደ ብድር ጽፎ ቦታውን በመያዣነት ማስያዝም ይቻላል። ወይም ደግሞ ሁለቱን ቤቶች ኮንዶሚኒየም አድርጎ መለየት ይቻላል። አያትና ጀሞ ላይ የቆሙትን ፎቆች ለሚያስብ የአገር ቤት አንባቢ ነገሩ ያስቃል፤ እዚህ ኮንዶሚኒየም ለመባል ፎቅ አያስፈልግም። ቀያሽ ካርታ ያነሣል፣ የጋራውና የግሉ የሚለይበት መግለጫ በካውንቲው ይመዘገባል፣ ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ቤት የራሱ ሰነድና የራሱ ግብር አለው። 1337 የተባለው ሕግ ከተሞች የጓሮ ቤት ስለሆነ ብቻ ለብቻው እንዳይሸጥ መከልከል አይችሉም ይላል። እንዲያውም በሲያትል የጓሮ ቤት የሚሠሩት ዘመድ ያስጠጉ ቤተሰቦች ብቻ ሳይሆኑ ሠርተው በዚህ መንገድ የሚሸጡ ገንቢዎችም ናቸው። እናትየው የባንክ ዕዳ ቢኖርባቸው ባንኩም መስማማት ነበረበት፤ ቤቱ ግን ዕዳውን ከጨረሰ ቆይቷል።

ጠበቃዋ አንድ ነገር ደግማ አሳሰበቻቸው፤ የንብረት ግብሩን። ግዛቱ በመኖሪያ ቤት ላይ ለተደረገ ጭማሪ፣ የጓሮ ቤትንም ይጨምራል፣ የዋጋው ጭማሪ ከቀድሞው ቤት ዋጋ እስከ ሠላሳ ከመቶ ድረስ ለሦስት ዓመት ከግብር ነፃ ያደርጋል። ማመልከቻው መግባት ያለበት ግን ግንባታው ከማለቁ በፊት ነው። ቤቱ አልቆ ቡና ተፈልቶ የሚያመለክት ሰው ምንም አያገኝም።

እዚህ የጻፍኩት ሁሉ የዋሽንግተን ግዛት ነው፤ አሜሪካ አንድ ሕግ የላትም። ሎስ አንጀለስ ወይም ኦክላንድ ላለ ሰው የካሊፎርኒያ ሕግ ከ2020 ወዲህ የበለጠ ለጋስ ነው፤ ከጎንና ከኋላ ወሰን አራት ጫማ ብቻ ትቶ 800 ስኩዌር ፊት ድረስ መሥራት ይችላል፤ ከተማው የተሟላ ማመልከቻ በደረሰው በ60 ቀን ውስጥ መወሰን አለበት። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው ወገናችን የሚተዳደርበት የሜሪላንዱ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ለብቻው የሚቆም የጓሮ ቤትን ከአንድ ኤከር ባነሰ ቦታ የፈቀደው በ2019 ነው፤ እዚያ ግን ባለቤቱ ከሁለቱ ባንዱ የመኖር ግዴታው አልቀረም። ስለዚህ የዘመድን ምክር ይዞ ከግዛት ግዛት መሻገር አያዋጣም፤ በሲያትል የሠራ አጎት ለሲልቨር ስፕሪንግ የእህቱ ልጅ የሚነግረው ግማሹ አይሠራም።

የሬኒየር ቫሊው ቤተሰብ የመረጠው ኮንዶሚኒየሙን ነው። የጓሮው ቤት በልጅቱና በባሏ ስም ይሆናል። የፊቱን ቤት እናትየው በኑዛዜ ለሁለቱ ልጆች እኩል ይተዋሉ፤ እህት የወንድሟን ድርሻ መግዛት ብትፈልግ በገለልተኛ ገማች ዋጋ ቅድሚያ ታገኛለች። ወንድምየው በስልክ ሆኖ ረቂቁን አንድ በአንድ ሰማ፤ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ። በመካከል ያለው አሥር ጫማ የማን ነው? ጠበቃዋ የጋራ ነው አለች። «እንግዲያው የበረዶ መጥረጉንም ጻፊው» አለ፤ «እማዬ አካፋ እንዳትይዝ።» በመግለጫው ውስጥ በጋራ ቦታ ጥገና ሥር ገባ፤ ኃላፊነቱም በጓሮው ቤት ላይ ተጻፈ።